ከእግር ጣት ወደ ጉልበት

የፋሻው ማያያዣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነበር።

አሳየሽ ይህን ያየችው እሑድ ጠዋት ነው። አማቷ አቶ ቦልቴ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ደረጃውን ሲወርዱ የሱሪያቸው ጫፍ ከፍ አለና ያቺ ትንሽ ብረት ብልጭ አለች። አየቻት፤ ግን ልብ አላለቻትም። የልጆቹ ቁርስ ገና ነበር፤ ሰማዩም በዳሞታ ተራራ በኩል ጠቁሮ ነበር። ልብ ያለቻት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልብስ ከገመድ ላይ ስታወርድ ነው። የልጇን ካልሲ እንደያዘች እጇ ቀጥ አለ። ማያያዣዋ መሆን የነበረባት ከጉልበት ዝቅ ብላ ነው። ፋሻው ከእግር ጣት ሥር ተጀምሮ፣ እየተጠመጠመ ወጥቶ የሚያልቀው እዚያ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ካለቀ፣ የተጀመረው ከላይ ነው ማለት ነው።

አቶ ቦልቴ በገሱባ ገበያ የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በግራ እግራቸው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል ከወጣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ቅጠል ተለጥፎበታል፣ ዱቄት ተነስንሶበታል፣ ተጸልዮለታል፤ የጠገገ እየመሰለ መልሶ ይከፈታል። ክረምቱ ሲገባ ልጃቸው መምህር ደገፉ ወደ ሶዶ አምጥቶ ሆስፒታል አሳያቸው። ሐኪሙ እግራቸውን፣ ደረታቸውንም ጭምር መርምሮ፣ ቁስሉን አሳጥቦ የሚለጠጥ ፋሻ አዘዘላቸው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲጠመጠም፣ ሲቀመጡም እግሩ ከፍ እንዲል አሳሰበ። ከዚያ ደገፉ ለክረምት ትምህርቱ ወደ ሀዋሳ ሄደ። ሲሄድ ለሚስቱ ያላት ቃል አንድ ነው፤ አባቴን አደራ።

አደራ ደግሞ ለአሳየሽ ከባድ ቃል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ጋዜጣ የምታነብ፣ ልጆቿን የቤት ሥራ የምታሠራ ሴት ናት፤ ነገር ግን ክፉውን ለማሰብ ጊዜ አይፈጅባትም። ልጅ ከትምህርት ቤት ትንሽ ቢዘገይባት፣ በሐሳቧ መኪና ገጭቶት፣ ሆስፒታል ደርሶ፣ ድንኳን ተተክሎ ያበቃል። አሁንም የአማቷ እግር ጠቁሮ፣ ተቆርጦ፣ ደገፉም ከሀዋሳ ተጠርቶ ሲመጣ ታያት። ካልሲውን ጣለችው። ትልቋን ልጇን ፀደንያን ቤት እንድትጠብቅ ነግራ ወጣች።

አቶ ቦልቴ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ለቅሶ ቤት እንደሚሄዱ ታውቃለች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጆቹ ሁሉ ሞልተው ያልፋሉ። በመጨረሻ አንዱ አጠገቧ ሲቆም ከኋላ የተቀመጠችው የጎረቤቷ የወይዘሮ ሳህሊቱ ልጅ ማክዳ ሆና ተገኘች። ማክዳ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ስትማር የቆየች፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት የቀራት ልጅ ናት፤ ለክረምቱ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። አሳየሽ ይህ ትምህርት የኳስ ተጫዋች እግር ማሸት ይመስላት ስለነበር ለልጅቱ ጉዳዩን የነገረቻት ተስፋ አድርጋ ሳይሆን ጭንቀቷን ለሰው ለመንገር ነው። ማክዳ ግን ፊቷ ተለወጠ። ሰውየው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳሰሩት፣ ቆመው ነው ተቀምጠው የዋሉት ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ቤቷ መሄዷን ትታ ባጃጁን ወደ ለቅሶው አዞረችው።

አቶ ቦልቴ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ባለው አግዳሚ ወንበር፣ ከጓደኛቸው ከአቶ ኤርካሎ ጎን ተቀምጠዋል። አሳየሽ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ጸሎቱ ሳያልቅ እንደማይነሡ መለሱ። ከሽማግሌዎች መካከል ጎትታ ልታስነሳቸው አትችልም፤ ዳር ቆማ ጠበቀች። ጸሎቱ ረዘመ። ዓይኗ ግን ከአማቷ እግር አልተነቀለም። ጫማው ተረከዙ ተጨፍልቆ እንደ ነጠላ ጫማ ሆኗል፤ ካልሲው ወልቋል፤ ከፋሻው ሥር የወጡት ጣቶች ቀይ ሥር መስለዋል። አሜን ሲባል ክንዳቸውን ይዛ ነበር።

ቤት እንደደረሱ ማክዳ ፋሻውን ፈታችው። ከጉልበት በታች ያለው ዙር ከሌላው ሁሉ ጠብቆ ሥጋው ውስጥ ጎድጉዶ ነበር። ከዚያ በታች እግራቸው ተነፍቷል፤ ከቁስሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ማክዳ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ተጭና ለቀቀችና ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቀች። ከእግራቸው ጀርባ ላይ የደም ትርታ ፈለገች። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየነካች ይሰማዎታል ወይ አለች።

«ይህ ቀለም ካልተመለሰ ክርክር የለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ነን» አለች።

ጥፍሩን እንደገና ተጭና ለቀቀች። ጥፍሩ ነጭ ሆኖ ቆየ፤ ቀስ ብሎም ቀላ። ትርታውም ተገኘ። አሳየሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሰው ጥፋቱ እንዲህ ሲገለጥበት ይፀፀታል ብለን እንጠብቃለን። አቶ ቦልቴ ግን አልተፀፀቱም። ከአሳየሽ ጋር በወላይትኛ ነው የሚነጋገሩት፤ ማክዳ ወላይትኛ ብትሰማም መናገር ስለማትደፍር ንግግራቸውን ወደ አማርኛ መለሱላት።

«ምራቴ ጠዋት ያሰረችውን ፈትቼ፣ አውቄ ነው ያሰርኩት» አሉ። «ልጆች አይደላችሁም፤ እባብ የነደፈው ሰው ሲታሰር አላያችሁም? የሚታሰረው ከበላዩ ነው። ለምን? መርዙ ወደ ልብ እንዳይወጣ። የኔም እግር ውስጥ ያለው መርዝ ነው። ምራቴ ጠዋት ጠዋት ከታች ወደ ላይ ትጠቀልለዋለች፤ ማታ ማታ እግርህን ስቀል ትለኛለች። መርዙን ወደ ደረቴ እየነዳችሁ ነው።»

ማክዳ ቁስል የእባብ ንድፊያ አይደለም፣ ለእባብም ቢሆን እንዲያ አጥብቆ ማሰር ዛሬ አይመከርም አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቅ አሉ።

«ጎንደር ድረስ ሄደሽ የተማርሽው እግር መጠምጠም ነው፣ ልጄ? እዚህ ብትጠይቂኝ በነጻ አስተምርሽ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስጠመጥም የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ያስተምሩኝ፣ አባባ። መርዙ ወደ ላይ ይወጣል ያለዎት ማነው?»

አቶ ቦልቴ ሳቃቸውን አቆሙ። ስለ ታላቅ ወንድማቸው ስለ ብሩ የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ብሩ ሁምቦ ቆላ ይኖር ነበር። መጀመሪያ ያበጠው ቁርጭምጭሚቱ ነው። ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ፣ ጭኑ፣ ከዚያ ሆዱ። ተጋድሞ መተኛት አቅቶት ትራስ ደርድሮ ቁጭ ብሎ ያድር ጀመር። እብጠቱ ደረቱ ሲደርስ ሞተ። አቶ ቦልቴ አጠገቡ ነበሩ፤ በገዛ ዓይናቸው ከእግር እስከ ልብ ሲወጣ አይተውታል።

«ሐኪሙም ያውቀዋል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ የታመምኩት እግሬን ነው። እሱ ያንን የሚያዳምጥበትን ነገር ደረቴ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ፊት ለፊት፣ ከኋላም። ደረቴን ምን አደረገው? መርዙ የት ደርሷል ብሎ ነው የሚፈልገው። ሲወጣ ግን ዝም አለኝ።»

አሳየሽ ይህን ስትሰማ ቀዘቀዘች። እሷም ያን ዕለት ሆስፒታሉ ውስጥ ቆማ ይህንኑ ጠይቃ ነበር፤ በሆዷ። የባዮሎጂ መጽሐፏ ላይ የነበረው የልብ ሥዕል፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ፣ ትዝ ይላታል፤ ቀስቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ ግን ረስታዋለች። በየጠዋቱ በጥንቃቄ ስትጠመጥም የኖረችው በገዛ እጇ ሞትን ወደ ላይ እየገፋች ቢሆንስ? ሽማግሌው ትክክል ይሆኑ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ያዛት። ግማሽ ዕውቀት እንዲህ ነው፤ ፍርሃትን አያባርርም፣ የሚቆምበት ቦታ ይሰጠዋል እንጂ።

ደጅ ዝናቡ ወርዶ ከጣሪያው አሸንዳ ወደ በርሜል ይንዶለዶላል። ማክዳ ወደዚያ ጆሯን አዘነበለች።

«አባባ፣ ያ በርሜል ሲሞላ ከየት ይጀምራል?»

«ከታች ነዋ።»

«ውሃው የመጣውስ ከታች ነው?»

አቶ ቦልቴ አንገታቸውን ወደ በሩ አስግገው በርሜሉን አዩ።

«ከላይ መጥቶ ከታች ይጠራቀማል፤ እየሞላ ሲሄድ ግን የሚያይ ሰው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። እንደነገሩኝ ከሆነ የወንድምዎ ሕመም ከእግር የተነሣ አይመስለኝም። ልባቸው ደክሞ ነበር ማለት ነው። ልብ ሲደክም ውሃው ዝቅ ያለው ቦታ ይጠራቀማል፤ ቀድሞ እግር፣ ከዚያ ሆድ። እርስዎ ያዩት እውነት ነው፤ የተሳሳቱት የመጣበትን ነው።»

«ታዲያ የኔስ ልብ እንዳልደከመ በምን አወቅሽ?»

«ደረትዎን ያዳመጡት ለዚያ ነው። ልቡ የደከመን ሰው እግር እንዲህ ማሰር አይገባም፤ ያ ሁሉ ውሃ ባንድ ጊዜ ሲመለስ ልብን ይከብደዋል። ስለዚህ ሐኪም ፋሻ ከማዘዙ በፊት ደረት ያዳምጣል። ፋሻ ማዘዙ ራሱ ልብዎ ደህና ነው ማለቱ ነበር። መፍራትዎ በከንቱ አይደለም፣ አባባ፤ መልሱን ግን በእጅዎ ይዘው ነው የፈሩት።»

ሽማግሌው ለምን ታዲያ ይህን በአፉ አልነገረኝም አሉ። ማክዳ ጠይቀውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሐኪም ይጠየቃል እንዴ?» አሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ራሳችንን እናገኛለን። ነጭ ካፖርት ከለበሰ ሰው ፊት ስንቆም ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለናል፤ የታዘዝነውን ተቀብለን እንወጣለን፤ ከዚያ በመንገድ ላይ የዝምታውን ትርጉም ራሳችን እንፈጥራለን። አሳየሽ እንኳ ፊደል ቆጥራ አልጠየቀችም። ሁለቱም ከአንድ ክፍል ወጥተው፣ በአንድ ቤት ሲኖሩ አንዱን ፍርሃት ለየብቻቸው ይዘውት ነበር።

ማክዳ በዚህ አላበቃችም። አሁን ጠባቡን ዙር ስለፈታች እግሩ ከልብ በላይ ተሰቅሎ መቆየት አለበት አለች። ትራሶቹን ደራርባ፣ ጋቢ አጣጥፋ በአልጋው ግርጌ አስቀመጠች። አቶ ቦልቴ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

«እግሬን ሰቅዬ፣ እንደ ሬሳ በጀርባዬ ልጋደም? በር ክፍት ነው፤ ሰው ይገባል።»

«ሰው ቢገባ ምን ይሆናል?»

«አንቺ ልጅ ነሽ። ሽማግሌ እግሩን ወደ እንግዳ ዘርግቶ አይቀበልም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ አሳየሽ መለሱ። «ልጄ፣ ባልሽ የሰጠኝ ላንቺ ነው። አንቺ ስቀል ካልሽኝ እሰቅላለሁ። ልቤ ላይ ቢመጣ ግን በአንቺ ነው።»

  አሳየሽ ይቅር ብትል ደስ ባላት። ስቀሉት ብላ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ለደገፉ ምን ትለዋለች፤ የገሱባ ዘመድ ሁሉ ምራቱ ገደለችው ይላል። ተዉት ብላ እግሩ ቢቆረጥስ? ሁለቱም በፊቷ ተዘርግተው ታዩአት። ሁለቱንም ጥርት አድርጋ ማየት ትችላለች፤ ይህ ነው የሷ መከራ።

«ተሰቅሎ እያለ ትንፋሽ ቢያጥራቸውስ?» አለች ማክዳን።

ማንኛውም ሌላ ሰው አይዞሽ፣ ምንም አይሆኑም ይላት ነበር። ማክዳ እንደዚያ አላለችም።

«እናወርደዋለን፤ ቁጭ እናደርጋቸዋለን፤ ባጃጅ ጠርተን ወደ ሆስፒታል። ገንዘቡንና ካርዱን አሁኑኑ አዘጋጂና በሩ አጠገብ አስቀምጪው፣ እትዬ።»

አሳየሽ ተነሥታ አዘጋጀች። በሕይወቷ ሙሉ ፍርሃቷን ሰዎች አቅልለውባታል እንጂ ሥራ ሰጥቷት የሚያውቅ አልነበረም። ስትመለስ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች።

«አባባ፣ ይስቀሉት» አለች። «እኔ አጠገብዎ ነኝ።»

አቶ ቦልቴ በጀርባቸው ተጋደሙ። እግራቸው ትራሱ ላይ ሲወጣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር። አሳየሽ መዳፏን ደረታቸው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ልባቸው ከሥር ይመታል፤ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ነበር። በየጥቂቱ ትንፋሽዎ እንዴት ነው ትላለች፤ ደህና ነው ይላሉ። ዝናቡ አባራ። ልቡም ረጋ ብሎ መምታት ጀመረ። ማክዳ አንዳንዴ ባታቸውን በጣቷ ተጭና ትለቃለች፤ መጀመሪያ ጉድጓዱ እንዳለ ይቀር ነበር፤ ኋላ ግን እየጎደለ፣ እየላላ መጣ። ተወጥሮ ሲያብለጨልጭ የነበረው ቆዳ ተጨማደደ። ቀይ ሥር የመሰሉት ጣቶች የሰው ጣት መሰሉ።

«ቀለለኝ» አሉ አቶ ቦልቴ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል።

«አሁን የስፌት መኪናዎን ይርገጡ» አለች ማክዳ።

ምን እንዳለች ሲገባቸው ፈገግ አሉ። ግራ እግራቸውን በአየር ላይ፣ አንዴ ተረከዙን ወደ ታች፣ አንዴ ጣቱን ወደ ታች፣ ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ያወዛውዙ ጀመር። ማክዳ ባት እንደ እጅ ሆኖ ደሙን ወደ ላይ የሚጨምቅ ጡንቻ መሆኑን አስረዳቻቸው። ደም ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጉት የደም ሥሮቻቸው በሮች ላልተዋል፤ ደሙ ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ይከማቻል፤ ቆዳው የሚራበውና ቁስሉ አልድን የሚለው ለዚያ ነው። ፋሻው ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ ሲል ይገፋዋል፤ እግርን ከፍ ማድረጉ ያፈስሰዋል፤ እንቅስቃሴው ይጨምቀዋል። ከላይ ሲታሰር ግን የደሙን መንገድ መዝጋት ነው።

አቶ ቦልቴ መርገጡን ቀጠሉ።

«ቁስሉ ሲወጣ መኪናው ነው ያቆሰለኝ ብዬ ሥራ አቆምኩ» አሉ በመጨረሻ። «እግሬ ይረፍ ብዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አንጠልጥዬው እውላለሁ። እብጠቱ የባሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህንን አውቅ ነበር። ግን ከምን ጋር እንደማያይዘው አላውቅም ነበር።»

ማክዳ ቁስሉን አጥባ በንጹሕ ጎዝ ከሸፈነችው በኋላ፣ እዚያው እንደተጋደሙ አዲስ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምራ መጠምጠም ያዘች። ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲመለከቱ ቆይተው አስቆሟት። ዙሮቹ እኩል አይደራረቡም፣ እዚህ ሰፍቷል እዚያ ጠቧል፤ እንዲህ ያለ ስፌት ደንበኛ ይመልሳል አሏት። አሳየሽ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ማክዳ ፋሻውን በእጃቸው ሰጠቻቸው። አሳየሽ እግራቸውን ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው፤ እሳቸው እየጠመጠሙ፣ እያንዳንዱን ዙር የፊተኛው ዙር እኩሌታ ላይ እያሳረፉ፣ ወደ ላይ ሲወጡም እያላሉ፣ ከጉልበት በታች አደረሱት። ማያያዣዋን ሲሰኩ እጃቸው የልብስ ሰፊ እጅ ነበር።

ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። አቶ ኤርካሎ ነበሩ፤ ከለቅሶው ተጎትቶ የሄደው ጓደኛቸው ምን ሆነ ብለው መጡ። አሳየሽ ከልማድ የተነሣ ትራሶቹን ልታነሣ እጇን ሰደደች።

«ተዪው» አሏት አማቷ።

አቶ ኤርካሎ ከደጃፉ ቆመው ፊት ለፊታቸው የተዘረጋውን እግር አዩ።

«ምነው ቦልቴ፣ ሞተህ ሳንሰማ ገነዙህ እንዴ?»

«ግባ፣ ተቀመጥ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ እግሬን አላወርድም። ያከበርኩህ መስሎኝ ባወርደው ነገ የሚቆረጠው የኔ ነው።»

ከዚያ የበርሜሉን ነገር፣ የደረቱን ነገር፣ የወንድማቸውንም ነገር እንደገና ነገሯቸው፤ አሁን ግን በማክዳ ቃል። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ እጠመጥማለሁ፣ ጣቴ ቢጠቁር ወይ ቢደነዝዝ ወዲያው እፈታለሁ፣ ስቀመጥ እሰቅላለሁ፣ መኪናዬንም እከፍታለሁ እያሉ ቆጠሩ። አቶ ኤርካሎ ቀልዳቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ቆይተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ሚስታቸው እንዲህ ያለ ቁስል እንዳላቸው፣ ሽታውን ሰው እንዳይሰማ ብለው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካቆሙ ዓመት እንዳለፈ ተናገሩ። ፋሻ ነገ ገዝቼ ልጠምጥምላት ወይ አሉ።

ማክዳ አይሆንም አለቻቸው። ደም ወደ እግር በደንብ የማይወርድለት ሰው አለ፤ የስኳር ሕመም ያለበትም አለ፤ የነዚህን እግር አጥብቆ ማሰር እግር ያሳጣል። ቀድሞ ሆስፒታል፣ ትርታውም ደረቱም ይታይ፣ ከዚያ የታዘዘው ይደረግ።

«ሲመረምርም ዝም አትበል» አሉ አቶ ቦልቴ ጓደኛቸውን። «ደረቷን ሲያዳምጥ ለምን በለው። ሐኪም ይጠየቃል።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማሳጠር፣ የአቶ ቦልቴ ቁስል ባንድ ቀን አልዳነም፤ እንዲህ ያለ ቁስል ባንድ ቀን አይድንም። ግን ውሃው በሳምንት ውስጥ ቀነሰ፤ ጠርዙም ከዳር እየገባ ጠበበ፤ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ለጊፋታ፣ የቀረችው ጥፍር የምታህል ነበረች። ፋሻውን ግን ከዚያም በኋላ አልተዉትም፤ የላላ ደም ሥር ቁስሉ ስለ ዳነ አይጠብቅምና። መግል ማጠቢያና ቅጠል መግዣ የሚሄደው ወጪ ቀረ፤ ሌሊት የሚነሣቸው ሕመም ቀረ፤ በገሱባ ገበያም መኪናቸው ተከፈተ።

የዚያን ዕለት ማታ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። አቶ ኤርካሎ ማክዳን እስከ ቤቷ ሊሸኙ ይዘዋት ወጡ። አሳየሽ ልጆቹን አስተኝታ ወደ አማቷ ተመለሰች። እግራቸው ትራሱ ላይ እንደተሰቀለ አንቀላፍተዋል። ጣቶቻቸውን ነካቻቸው፤ ሞቃት ናቸው። ጥፍሩን ተጭና ለቀቀች፤ ወዲያው ቀላ።

አቶ ቦልቴ ወደዚህ ቤት ከመጡ ጀምሮ አሳየሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ድንጋይ ታስደግፈው ነበር እንጂ አንድም ማታ ቆልፋው አታውቅም። በድንገት ሰው መሸከም ቢመጣ ቁልፍ ሲፈለግ ጊዜ እንዳይጠፋ ብላ ነው። ለማንም አልነገረችም። አሁን ድንጋዩን በእግሯ ገፋ አደረገችው፤ በሩን እስከ መጨረሻው ዘጋችና ቁልፉን አዞረችው።